ነጭ እብነ በረድ፦ ካራራ ነው ወይስ ፕሮኮኔሶስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠራ የመቅደስ መከለያ የተገኘ የነጭ እብነ በረድ ስብርባሪ ከየት እንደተቆፈረ ለማወቅ አይሶቶፑ (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች ምጣኔ) ተለክቶ ካርቦን 13 በሺህ +2.4፣ ኦክስጅን 18 በሺህ −1.9 ወጣ (በቪፒዲቢ፣ ማለትም ለካርቦኔት በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ)። ሁለቱ ቁጥሮች በሥዕል ላይ ሲቀመጡ ነጥቡ የካራራም (ጣሊያን) የፕሮኮኔሶስም (በቱርክ የማርማራ ደሴት) እብነ በረድ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ዱቄቱ የተፋቀው ከላይኛው ገጽ ነው። ምን ይሻላል? ዘዴው ለአክሱም ሐውልትስ ይሆናል?

መዝገቡ፦ ከላይኛው ገጽ ከሆነ ቁጥሩን ገና አይመኑት። የዝናብና የአፈር ውሃ ካልሳይቱን (እብነ በረዱ የተሠራበትን ማዕድን) አሟሙቶ መልሶ ሲያጋግረው ሁለቱም ዋጋዎች ወደ ታች ይወርዳሉ። ከስብራቱ ጎን በቀጭን የአልማዝ መሰርሰሪያ፣ በዝግታና እያረፉ፣ ድንጋዩ ሳይግል ይብሱት። የመጀመሪያዎቹን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ዱቄት ይጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል። ዱቄቱ የሚለካው በፎስፎሪክ አሲድ ሟሙቶ በሚሰጠው ጋዝ ነው፤ አሲዱ ውስጥ ውሃ ካለ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ከውሃው ጋር ይለዋወጣል፤ ውጤቱ ይበላሻል። ሙቀቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። በየዙሩ ኤንቢኤስ 19 (ዋጋው የታወቀ ማመሳከሪያ ካልሳይት) አብሮ ይለካ፤ +1.95 እና −2.20 ካልሰጠ ያ ዙር አይቆጠርም።

ሰሎሜ፦ ልኬቱ ቢስተካከልም መደራረቡ አይጠፋም። ተመራማሪዎቹ ክሬግና ክሬግ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአይሶቶፕ ሥዕል ግልጽ የነበረው የናክሶስን፣ የፓሮስን፣ የፔንቴሊንና የሂሜቶስን የግሪክ የድንጋይ ካባዎች (መቆፈሪያዎች) ብቻ ስለያዘ ነው፤ ካባ በተጨመረ ቁጥር ክልሎቹ ተደራረቡ። እዚህ የሚፈርደው የቅንጣት መጠን ነው። ስስ ሽራፊ (ብርሃን እስኪያሳልፍ የተሳለ የድንጋይ ቁራጭ) አዘጋጅተው በማይክሮስኮፕ ትልቁን ቅንጣት ይለኩ፦ የካራራ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው፣ የፕሮኮኔሶስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1.5 ይበልጣል። የፕሮኮኔሶስ ድንጋይ ትኩስ ስብራቱ የበሰበሰ እንቁላል ሊሸትም ይችላል። ዱቄቱ በአሲዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ከፈላ ድንጋዩ ዶሎማይት (ማግኒዥየም ያለበት ካርቦኔት) ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የግሪኩን ደሴት ታሶስን ያስቡ፣ ስሌቱም ከካልሳይት የተለየ ነው።

መዝገቡ፦ ሰሎሜ ልክ ናት፤ ቅንጣቱ ይቅደም፣ አይሶቶፑ ይከተል። የአክሱም ሐውልቶች ግን ከኔፈሊን ሳይናይት (ከቀለጠ አለት የተፈጠረ ጠንካራ ድንጋይ) የተጠረቡ ናቸው። ካርቦኔት ስላልሆኑ አሲድ ቢፈስባቸው የሚለካ ጋዝ አይሰጡም። ለእነሱ ስስ ሽራፊና የኬሚካል ትንተና ነው የሚሠራው፤ በአክሱም አጠገብ ያለው የጎቦ ድራ ካባም ለማነጻጸሪያ ቅርብ ነው። ይህ ዘዴ የሚስማማው ከአዱሊስ (በቀይ ባሕር ዳር የነበረ ጥንታዊ ወደብ) ቤተ ክርስቲያን ለወጡት የእብነ በረድ ስብርባሪዎች ነው።