«ቬሪ ሪለንትለስ» ያለ መያዣው ይገዛል?

ብርቱካኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዙን የሙዚቃ ቡድን የፔት ሾፕ ቦይስን አልበሞች መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቬሪ» አለኝ፣ ያ ጉብ ጉብ ያለ ብርቱካናማ መያዣ ያለው። አሁን «ሪለንትለስ» የሚባል ሁለተኛ ዲስክ የተጨመረበትን ልዩ እትሙን «ቬሪ ሪለንትለስ»ን ከውጭ የሚልክልኝ ሻጭ አገኘሁ፣ ግን ፎቶው ላይ የሚታዩት ዲስኮቹ ብቻ ናቸው። መያዣውስ ስለው «ተሰብሮ ጣልኩት፣ ሙዚቃው ያው ነው» አለኝ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞ የጃፓን እትሞች ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደዱት?

ሁለት ዲስክ፦
ለመስማት ከሆነ ግዛው። ለስብስብ ከሆነ ግን ተወው፣ የዚህ አልበም ግማሹ ነገር መያዣው እኮ ነው! አብዛኛው ሲዲ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ውስጥ በሚሸጥበት ጊዜ ዲዛይነሩ ዳንኤል ዊል ያንን ብርቱካናማ ነገር ሠራላቸው። መደርደሪያ ላይ በጣትህ ብቻ ዳብሰህ ታገኘዋለህ። የልዩ እትሙም መያዣ እንደዚያው የራሱ ነው፣ ሌላ አምጥተህ አትተካውም።

ኦቢ ወዳጅ፦
የጃፓኑን እኔ ልመልስ። እዚያ የሚታተመው ሲዲ ከውጭ ከሚገባው ይወደድ ስለነበር፣ ገዢው ወደ ርካሹ እንዳይሄድ ተጨማሪ ዘፈን ይከቱበታል። ሌላው ኦቢ ነው፣ ማለትም መያዣውን በግራ በኩል የምታቅፈው ቀጭን ወረቀት። ብዙ ሰው ሲከፍት ስለሚጥላት ኦቢ ያለው ይወደዳል። አንዴ የገዛሁትን ሲዲ ጠባብ ላስቲክ ውስጥ ስከት ኦቢዋ ከእጥፋቷ ላይ ተቀደደችብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ላስቲኩ ሰፋ ያለ ይሁን። ከመክፈልህ በፊት ደግሞ የኦቢዋን ጀርባና የዲስኩን የውስጥ ቀለበት ፎቶ ጠይቅ፣ ቀለበቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፊደልና ቁጥሮች የየትኛው እትም እንደሆነ ለማጣራት ይረዱሃል።

ጸጥታ፦
እኔ ትንሽ እለያለሁ። ሙዚቃውን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጡትን የአልበሞቻቸውን ባለሁለት ዲስክ እትሞች ይያዝ። በየቦታው የተበተኑ ብዙ ዘፈኖች እዚያ ተሰብስበዋል፣ የሁለቱ የቡድኑ አባላት የኒል ቴናንትና የክሪስ ሎው ማብራሪያም አለበት፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። የ«ሪለንትለስ» 6 ዘፈኖች ግን የሉበትም። ስለዚህ ዋጋውን በደንብ ካወረደልህ ዲስኮቹን ውሰድ፣ መያዣ ያለው ሲገኝ ትቀይረዋለህ።

ብርቱካኔ፦
አመሰግናለሁ። ዋጋ ቀንስልኝ ብዬው እምቢ አለ፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ። መያዣው ያልተሰነጠቀ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ እዚህ ጻፉልኝ።