አምባዛ ፊሌቶ፦ ቅመሙ ያርራል፣ ውስጡ አይበስልም

ሰላም ለሁላችሁ። አምባዛ በቅመም አሽታችሁ የምትጠብሱ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ፊሌቶው አንዱ 200 ግራም ገደማ ነው። በራሱ በኩል ውፍረቱ 2.5 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ወደ ጅራቱ ግን ከ1 አይበልጥም። የጭቃ ሽታው እንዲለቅ በሎሚና በጨው 15 ደቂቃ አቆየውና አጥቤ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ቆንጠር ያለ ኮረሪማ ደባልቄ ሁለቱንም ወገን አሸዋለሁ። መጥበሻው ከባድ ብረት ነው፤ ዘይቱ 2 የሾርባ ማንኪያ። ለጾም ስለሆነ ቅቤ አይገባበትም።

እሳቱ ከፍ ሲል በርበሬው በ2 ደቂቃ ውስጥ ጠቁሮ ይመራል፣ ጭሱም ያስነጥሳል፤ ወፍራሙ ጫፍ ሲከፈት ግን መሃሉ ገና ጥሬ ነው። እሳቱ ሲቀንስ ደግሞ ዓሣው ውሃ ይለቃል፣ ቅመሙ ተላቆ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል፣ ሲገላበጥም ሥጋው ይፈረካከሳል።

የእኔ ጥርጣሬ በርበሬው ላይ ነው፤ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ያርራል። ግማሹን በጣፋጭ ፓፕሪካ ብተካው ይሻላል ወይስ እሱም እኩል ያርራል? ቅመሙን በዘይት ለውሶ መቀባትስ ይይዘዋል? ሌላው ያሰብኩት እያንዳንዱን ወገን 1 ደቂቃ ብቻ ጠብሶ በ200 ዲግሪ ኦቨን መጨረስ ነው። ውስጡ 63 ዲግሪ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይበቃዋል? ቀጭኑ ጅራትስ እንዳይደርቅ ቆርጬ ለብቻው ላብስለው?

ዱቄት ማልበስ አልፈልግም፤ የቅመሙን ጣዕም ይሸፍነዋል።