ለደረቅ ፍራፍሬ ሚዛን ወይስ ኩባያ? የኔ ጥቆማ

የምግብ አሠራሩ «ሁለት ኩባያ ዘቢብ» ይላል። እጃችሁ ላይ ያለው ደግሞ 300 ግራም የሚል እሽግ ነው። ይበቃል? አዎ፣ ሊያውም 10 ግራም ገደማ ይተርፋችኋል። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ለዓመታት በግምት ስሞላ ኖሬያለሁ። አንዴማ ዘቢቡ ከመብዛቱ የተነሳ ኬኩ ቢላዋ ሲያርፍበት ፍርክስክስ አለ።

ስለዚህ ምን ልግዛ ለምትሉ፣ መጀመሪያ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ባለ 1 ግራም ንባብ ይሁን፤ ሳህኑን አስቀምጣችሁ ወደ ዜሮ የምትመልሱበት ቁልፍም ይኑረው። ውድ መሆን የለበትም። ትክክለኛነቱን ለማየት 250 ሚሊ ሊትር ውሃ መዝኑበት፤ ወደ 250 ግራም ካላነበበ ተዉት። ድክመቱ ጥቂት ነገር ላይ ነው። ሦስት አራት ፍሬ ብታስቀምጡበት ላይሰማው ይችላል።

ሚዛን ለምን? ዘቢብን ኩባያ ውስጥ ዝም ብላችሁ ብታፈሱት 145 ግራም ያህል ይይዛል። በማንኪያ ጠቅጠቅ ካደረጋችሁት 165 ይደርሳል። ያው ኩባያ፣ ያው ዘቢብ! ሦስት ኩባያ ላይ ልዩነቱ 60 ግራም ሆነ ማለት ነው።

ቴምር ደግሞ ይብሳል። ሙሉውን ስትከቱት በፍሬዎቹ መሀል ባዶ ቦታ ይቀራል። ስትከትፉት ያ ክፍተት ይሞላል፤ ኩባያው 147 ግራም ገደማ ይይዛል። ቢላዋው ላይና ኩባያው ግድግዳ ላይ የሚጣበቀውን አልቆጠርኩም። እዚህ ላይ አጻጻፉን ልብ በሉ። «አንድ ኩባያ የተከተፈ ቴምር» ከተባለ ከትፋችሁ ትሰፍራላችሁ። «አንድ ኩባያ ቴምር ከትፋችሁ» ከተባለ ግን መጀመሪያ ትሰፍራላችሁ፣ ከዚያ ትከትፋላችሁ። እኔ ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

የግድ ኩባያ ካላችሁ፣ ሚሊ ሊትሩ የተቀረጸበትን ምረጡ። የአሜሪካው 240 ገደማ ነው፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200። የሻይ ኩባያማ አይቆጠርም። እስከ አፉ ሞልታችሁ በቢላዋ ጀርባ የምትጠርጉትን ዓይነት ውሰዱ። ባለ ጆሮው የመስታወት መስፈሪያ ለፈሳሽ ነው፤ ዘቢብ ላዩ ላይ ጉብ ጉብ እያለ መስመሩን ማንበብ ያስቸግራል።

ስልክ ላይ ያሉት ማስሊያዎችስ? የፍራፍሬውን ዓይነትና አቆራረጡን የሚጠይቁትን ተጠቀሙ። ሳይጠይቅ «ኩባያ 240 ግራም ነው» የሚላችሁ የነገራችሁ የውሃን ክብደት ነው፣ ዝጉት። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካው ኩባያ ፍሬው የወጣለት ደረቅ ፕለም 174 ግራም ያህል ነው፤ ለሁለት የተከፈለ ደረቅ አፕሪኮት ደግሞ 130። ኦውንስ ስታዩም ጠንቀቅ በሉ። የክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። የፈሳሹ ኦውንስ ይዘት ነው፣ ለደረቅ ፍራፍሬ አይሆንም።

አሠራሩ ዘፍዝፉ ካለ መጀመሪያ መዝኑ፣ ከዚያ ዘፍዝፉ። ውሃ የጠጣ ዘቢብ ሚዛኑን ያታልላል።

አሁን እኔ አዲስ ዘቢብ ስገዛ በራሴ ኩባያ አንዴ ሰፍሬ እመዝናለሁ። የወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ማሰሮው ክዳን ላይ እለጥፋለሁ። የመጨረሻው 151 ይላል። ትንሽ እርጥበት ያለው ሳይሆን አይቀርም።