«ሀብታም ለማኝ» ያልከው ሰውዬ እስቲ ና እናውራ

ምሽጌ ፈረሰ፦
ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ "ድዋርፍ ፎርትረስ የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ስቲም (ጌም የሚሸጥበት ድረገጽ) ላይ ከወጣ ወዲህ ከኛ ውስጥ የፓትሪዮን (ለሰሪዎች በየወሩ ብር የሚላክበት ድረገጽ) መዋጮውን ያቋረጠ ስንት ሰው ነው" ብዬ ጠይቄ ነበር። አስራ አንድ ሰው መለሰ፣ ዘጠኙ አቋርጫለሁ አለ። ይሁን፣ የራሳችሁ ብር ነው፣ በሱ አልተናደድኩም። ያናደደኝ አንዱ ከስር የጻፋት ነገር ናት፣ "አሁን እኮ ሀብታም ለማኝ ሆነዋል" የምትለዋ። ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክነኝ አደረች። ጌሙን የሰራው ታርን አዳምስ በ2005 ከስታንፎርድ በሂሳብ ፒኤችዲውን ይዞ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የጀመረውን ስራ በ2006 ትቶ ከወንድሙ ከዛክ ጋር ጌም ሊሰራ ቤቱ የገባ ሰው ነው። ከዛ 16 ዓመት ሙሉ በነጻ ሰጠን። የፈለገ ይልካል ያልፈለገ ዝም ብሎ ይጫወታል፣ ለላከ ደግሞ ወይ በክሬዮን ስዕል ይስሉለት ነበር ወይ አጭር ታሪክ ይጽፉለት ነበር። ይሄ ነው ልመና የሚባለው?

ካዛንቺስ 87፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ቁጥሩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። የዲሴምበር 2022 ገቢያቸው 15,635 ዶላር፣ የጃንዋሪ 2023 ደግሞ 7,230,123 ዶላር። ሰባት ሚሊዮን በአንድ ወር! እኔ ከዛ በፊት ሁለት ዓመት በየወሩ 3 ዶላር ስልክላቸው የነበረው ዱባይ መጋዘን ውስጥ እቃ እየጫንኩ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የላክሁት፣ ቀን እንደሚጎድልባቸው ስለማውቅ። አሁን ግን አልጎደለባቸውም። ያልጎደለበት ሰው እጁን ዘርግቶ ሲቀመጥ ምን ትሉታላችሁ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
"እጁን ዘርግቶ" አልክ። የት ነው የዘረጋው? ገጹ ስላልተዘጋ ብቻ ለመነ ይባላል? ለምን እንደሸጡት የጻፉትን ሁላችሁም ረስታችሁታል። በማርች 2019 ስቲም ላይ ሊወጣ ነው ሲሉ እኮ ምክንያቱን ቁልጭ አድርገው ተናግረዋል። ዛክ ለብዙ ዓመት ውድ መድሃኒት ላይ ነው፣ በሱ ላይ የካንሰር ነገር መጣ፣ ታርንም ያንኑ ህክምና እኔ ማድረግ ቢኖርብኝ በኔ ኢንሹራንስ ሙልጭ ብዬ ነበር የምወጣው ነው ያለው። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ነው የምሰራው፣ ሰው ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ቢሉ ሲደርሰው እንዴት እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ። በየወሩ የሚዋጣ ብር ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ካንሰርን ግን አይችልም። ለዛ ነው የሸጡት።

ካዛንቺስ 87፦
እህቴ አንቺው ራስሽ መለስሽው እኮ። መዋጮው አልበቃ ሲል ሸጡ፣ ሲሸጡ በቃቸው። እኔም 29.99 ዶላር ከፍዬ ገዝቻለሁ፣ ለታናሽ ወንድሜም ገዝቼለታለሁ። ገዝቼ ደግሞ ላዋጣ?

ሂሳብ ወዳድ፦
ሰባት ሚሊዮን ሰባት ሚሊዮን የምትሉትን እስቲ ላካፍለው። መስራት የጀመሩት በ2002 ነው፣ የመጀመሪያው ለህዝብ የወጣው ኦገስት 2006፣ ስቲም ላይ ዲሴምበር 6 ቀን 2022። ሃያ ዓመት ነው። ከገንዘቡ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰው ለግብር እንደሚሄድ ታርን ራሱ ተናግሯል፣ የሚከፈላቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ። ግማሹ ቀረ እንበል፣ 3.6 ሚሊዮን። ለሁለት ሲካፈል 1.8። ለሃያ ዓመት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው በዓመት 90,000 ዶላር። የሂሳብ ዶክተርና ፕሮግራመር ለሆነ ሰው ይሄ ሀያ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ደሞዝ ነው፣ ሀብት አይባልም።

ካዛንቺስ 87፦
መደመር ያለበትን ግማሹን ትተኸዋል ወንድሜ። ሃያውን ዓመት ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ነበሩ? መዋጮ ይገባላቸው ነበር፣ እሱ የለበትም። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ የተሸጠውም የለበትም።

ሂሳብ ወዳድ፦
እሺ መዋጮውን ደምርበት፣ በዓመት 130 ሺ ይሁንልህ። ያኔም ቃልህ ልክ አይመጣም። ማይንክራፍትን የሰራው ሰውዬ ከነዚህ ጌም ሀሳብ እንደወሰደ ራሱ ይናገራል፣ ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው የገዛው። ሀብታም ማለት እሱ ነው።

ጋሽ ቴትሪስ፦
ልጆች እኔ በእድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም፣ ስለዚህ ታገሱኝ። መዋጮ ላይ ቅሬታ ካላችሁ ስታር ሲትዝን የሚባለውን የጠፈር መርከብ ጌም አንሱ። በ2012 መዋጮ ጀመሩ፣ በ2024 ከ700 ሚሊዮን ዶላር አለፉ፣ ጌሙ ዛሬም አለቀ አልተባለም። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች የሚጫወቱበትን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ሰጥተው ነው ከፈለጋችሁ ላኩ ያሉት። መጀመሪያ እቃውን ሰጥቶ ዋጋውን ለገዢው የተወ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኳንተም ድራይቭ፦
ጋሼ በአክብሮት፣ ስታር ሲትዝን ውስጥ እኔ አሁን እየተጫወትኩ ነው። "አለቀ አልተባለም" ማለት የለም ማለት አይደለም። ድዋርፍ ፎርትረስስ መቼ አለቀ ተባለ? ስቲም ላይ ሲወጣ ራሱ አድቬንቸር ሞዱ (አንድ ሰው ብቻ ሆነህ የምትዞርበት አጨዋወት) አልነበረውም፣ ሙሉው የገባው በ2025 ነው።

ጋሽ ቴትሪስ፦
ነጻው ቨርዥን ላይ ለዓመታት ነበረ የኔ ልጅ፣ ዛሬም በነጻ ይወርዳል። አንተ ጌሙ ውስጥ በብር የገዛኸው መርከብስ በነጻ ይወርዳል?

ኳንተም ድራይቭ፦
መርከቡን ወድጄ ነው የገዛሁት፣ ማንም አላስገደደኝም። እዚህ ግሩፕ ስታር ሲትዝን በተነሳ ቁጥር እንደሞኝ መታየት ሰልችቶኛል።

ምሽጌ ፈረሰ፦
የስታር ሲትዝኑን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበት እባካችሁ። ካዛንቺስ፣ ለማኝ የምትለዋን ታነሳለህ አታነሳም?

ካዛንቺስ 87፦
ምክንያት ስጡኝና አነሳለሁ።

ዲያቆን ጌመር፦
በቃሉ ተጣልታችሁ ቃሉን ራሱን ግን ማንም አላየውም። እኔ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፣ አራት ዓመት። ደበሎ ለብሼ አኮፋዳ አንግቼ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ ቤት ለቤት ለምኜ ነው የተማርኩት፣ የውሻ ንክሻ ጠባሳዬ ዛሬም እግሬ ላይ አለ። ከነዛ ሁሉ ቤቶች አንድም ሰው ለማኝ ብሎ ሰድቦኝ አያውቅም። ሴትየዋ ቁራሽ እንጀራ ስትሰጠኝ ለኔ ሆድ ብቻ አይደለም የምትሰጠው፣ ትምህርቱ እንዳይጠፋ ነው። ለነታርን የላክነውም እንደዛ ነው። ኒውዮርክ ያለው ሞማ ሙዚየም በ2012 ከሁሉም ጌሞች መርጦ የመጀመሪያዎቹን 14 ሲወስድ ይሄኛው አንዱ ነበር፣ ያኔ ጌሙ የቆመው በመዋጮ ነበር። ስለዚህ ለምነዋል ብንል እንኳን ልመናው አያሳፍርም።

ካዛንቺስ 87፦
ዲያቆን አከብርሃለሁ፣ በደንብ ነው የተናገርከው። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ተማሪው ጨርሶ መምህር ከሆነ በኋላ አኮፋዳ ይዞ ይዞራል? አይዞርም። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው፣ አኮፋዳቸውን ይስቀሉት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቢያንስ ከለማኝ ወደ አኮፋዳ መጥተሃል፣ እሱን ይዣለሁ።

ዲያቆን ጌመር፦
መምህሩ አኮፋዳ አይዝም፣ ልክ ነህ። የመምህሩን ቀለብ ግን ማን ይሰጣል? እኔ የተማርኩባቸውን የኔታን ያበላቸው የነበረው ያው የመንደሩ ሰው ነው፣ በቅሎ ስላላቸው አላቋረጠባቸውም፣ ሲያረጁም አላቋረጠም። ምክንያቱም ጉባኤው ነገም መኖር አለበት።

ካዛንቺስ 87፦
የኔታ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ነበራቸው?

ዲያቆን ጌመር፦
የኔታን ተዋቸው አሁን።

ካዛንቺስ 87፦
ያነሳሃቸው አንተ ነህ እኮ።

ኮድ በሌሊት፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን ልናገር። እኔ አዲስ አበባ ብቻዬን ጌም እሰራለሁ፣ ቀን ሌላ ስራ አለኝ። ለስልክ የሚሆን በነጻ የሚወርድ ጌም አውጥቼ ከወደዳችሁት አግዙኝ አልኩ። የመጀመሪያው ወር 41 ሰው ላከ፣ ሁለተኛው ወር 17፣ ሶስተኛው ወር 6። እኔም እንደነታርን ስንት እንደገባ በየወሩ በግልጽ እጽፍ ነበር፣ ታማኝነት መስሎኝ። የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ብዙ ሲገባ "አሁንማ ሞላለት" ብለው ተዉት፣ ትንሽ ሲገባ ደግሞ "ይሄ ነገር አያዛልቅም" ብለው ተዉት። ሰው ሲያዝንልህ ይሰጣል፣ ሲሳካልህ ይሸሻል። ከዛ በየሳምንቱ የሚታይ ነገር ማውጣት ጀመርኩ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ልብስ፣ እንዳይረሱኝ። ዋናውን ኮድ ሶስት ወር አልነካሁትም። ድዋርፍ ፎርትረስ እኮ ከጁን 2012 እስከ ጁላይ 2014 አንድም አዲስ ቨርዥን አልወጣም ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! እነዛ ሰጪዎች ሁለት ዓመት ቁጭ ብለው ባይጠብቁ ኖሮ ዓለሙ በራሱ የሚንቀሳቀስበት ያ ሁሉ ነገር አይሰራም ነበር። እንደዛ የሚታገስ ካምፓኒ የለም። ለነሱ የተላከው ብር የገዛላቸው ጊዜ ነው።

ካዛንቺስ 87፦
አንተን የሰማሁህ ከሁሉም በላይ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ያንተና የነሱ አንድ አይደለም። ጊዜ እኮ አሁን ገዝተዋል፣ የእድሜ ልካቸውን። ያንተ ነው ያልተገዛው።

ሂሳብ ወዳድ፦
ሁለተኛ ፕሮግራመር ቀጥረዋል እኮ፣ ደሞዝ አለባቸው።

ካዛንቺስ 87፦
ከሚሸጡት ይክፈሉ! ሰው የሚቀጥረው እኮ ሲሸጥለት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ አንድ ነገር ልናዘዝ። ትናንት "አቋርጫለሁ" ካሉት ዘጠኙ ውስጥ ነኝ። ዛሬ ገብቼ ሳየው ለካ አላቋረጥኩም፣ የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎበት ነው የቆመው። አዲሱ ካርድ ሲመጣ የቤት ኪራዩን አስተካከልኩ፣ ስልኩን አስተካከልኩ፣ ይሄን ረሳሁት። ሀብታም ሆኑ ብዬ አይደለም። ከዘጠኙ ስንቶቻችሁ እንደኔ ናችሁ? "ህዝቡ ተቃውሞ ተዋቸው" ስንል ግማሹ እንዲሁ ረስቶ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ቴትሪስ፦
ይሄ እውነት ነው ልጄ። ሰው ሲናደድማ ይታወቃል። ፓትሪዮን በዲሴምበር 2017 ከሰጪው ላይ 2.9 በመቶና 35 ሳንቲም ልጨምር ሲል አንድ ዶላር የሚሰጠው ሰው 1.38 ሊከፍል ሆነ። ሰዉ በገፍ ሲያቋርጥ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ተዉት። የተናደደ ሰው እንደዛ በአንድ ቀን ይወጣል። እየተንጠባጠበ የሚቀንሰው ሌላ ነገር ነው።

ምሽጌ ፈረሰ፦
እኔ እዚህ ሀገር ቤት ሆኜ የባንክ ካርዴ ውጭ ሀገር አልከፍልም ብሎኝ በአክስቴ ልጅ በኩል ነው የምልከው፣ ሁለት ዶላር ለመላክ ሁለት ሰው ለምኜ። ስለዚህ ለማኝ ካልክ እኔንም በል።

ካዛንቺስ 87፦
አንተን ማንም አላለህም። ለማኝ የሚለውን እሺ ትቻለሁ፣ በዲያቆን ምክንያት። ያልቸገረው ሰው መዋጮ ይዝጋ የሚለውን ግን አልተውም። ኮድ በሌሊት፣ የነሱን 3 ዶላር ከዚህ ወር ጀምሮ ለአንተ እልካለሁ፣ የቴሌብር ቁጥርህን በውስጥ ላክልኝ፣ እህቴ አዲስ አበባ ናት ታስገባልሃለች።

ኮድ በሌሊት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ግን ባለፈው ወር ዘግቼዋለሁ። አንድ የስራ ባልደረባዬ "ደሞዝ እየበላህ ደግሞ ትለምናለህ?" አለኝ፣ በዛው ማታ ዘጋሁት።

ምሽጌ ፈረሰ፦
ካዛንቺስ፣ አየህ ቃሏ የት እንደምትደርስ?

ካዛንቺስ 87፦
የሱ ሌላ ነው አልኩ እኮ። ልጁ እየሰራ ነው፣ አልሞላለትም።

ሂሳብ ወዳድ፦
ሲሞላለትስ? ያኔ ለሱም ታቆማለህ ማለት ነው?

ካዛንቺስ 87፦
ሲሞላለት እሱ ራሱ በቃኝ ይለኛል።

ዲያቆን ጌመር፦
ስንት ሲገባ ነው የሚሞላው? ቁጥሩን ንገረን።