የፎገራ ጎርፍ፦ ሰዉ ይነሳ ወይስ ወንዙ ይጠረግ?

ጉማራ ማዶ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ጣና ዳር ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፣ ከዛ ሸራና ስንዴ ይታደላል፣ በዓመቱ ደግሞ ያው ነው። እኔ ሰዉ ከዛ ይነሳ ባይ ነኝ። የ1998 ነሐሴን ያየ ሰው እንዴት ልጅ እዛ ያሳድጋል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የወረታ ልጅ፦ ተነስቶ የት ይግባ ወንድሜ? ሜዳው የሩዝ ነው፣ ሩዝ ደሞ ውሃ ካልተኛበት አይሆንም፣ እሱ ሲታጨድ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል፣ ያን መሬት መሬት ያረገው እኮ ጎርፉ ከጉና ተራራ ይዞት የመጣው አፈር ነው። ሰዉ የሚፈራው የውሃውን መምጣት ሳይሆን አልወጣም ማለቱን ነው፣ ሲሰነብት ቡቃያው ታፍኖ ይበሰብሳል ከብቱ መቆሚያ ያጣል ሽንት ቤቱ ከጉድጓድ ውሃው ጋር ይቀላቀላል።

ውሃ ቆጣሪ፦ አልወጣም የሚለው ጣና ስለሚሞላ ነው። ወንዞቹ ሐምሌና ነሐሴ ያብዳሉ፣ ሐይቁ ደሞ ጣራ የሚነካው መስከረም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ርብ መፍሰሻ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ላዩ ላይ ደለሉ ጨምርበት፣ ወለሉ ከፍ ብሎ ከማሳው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ዳሩ ላይ የተከመረው አፈር አንድ ጋ ከተሸነቆረ አለቀ።

አባ ዘራፍ፦ ታዲያ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ጨረጨራን ለምን አይከፍቱትም?? ከ1988 ጀምሮ በር ገጥመውለት ሐይቁን እንደ ሮቶ ይዘውታል። ለበለስ ማመንጫ መብራት ብሎ ሰው ይስጠም?

ውሃ ቆጣሪ፦ ኧረ ተረጋጋ 😄 በለስ በ2002 ሥራ ሲጀምር ውሃውን በዋሻ ነው መውሰድ የጀመረው፣ ከሐይቁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በሩን ዝም ብለህ ብትከፍት ደሞ በጋ ላይ ምን ትላለህ? 1995 ላይ ጣና ወርዶ ጀልባ መሄድ አቅቶት አልነበር? ባህር ሸሹን፣ ሐይቁ ሲሸሽ የተገለጠውን መሬት፣ ደንገል እያጨደ ገብቶ ያረሰውስ? ሐይቁ ቦታው ሲመለስ ጎርፍ መጣ ይላል።

የወረታ ልጅ፦ ባህር ሸሽ የገባ አለ፣ አልክድም፣ እሱ ይነሳ። ናበጋና ዋገጠራ ቀበሌ ያለው ግን ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ እዛው ነው፣ መቃብሩም ደብሩም እዛው። ርብ ላይ ግድብ ተሠራ አላችሁን፣ እሱ የሚይዘው ላይኛውን ነው፣ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ማን ይዟቸው?

ጉማራ ማዶ፦ እሺ ወንዙ ይጠረግ እንበል፣ በማን ወጪ? ገበሬው በአካፋ ያውጣው?

ውሃ ቆጣሪ፦ በማሽን እንጂ፣ ግን ከላይ ፋርጣ ላይ ተዳፋቱ ካልታከመ በሁለት ክረምት ተመልሶ ይሞላል። በጋ ላይ በዘመቻ እርከን ይሠራል፣ በሳምንቱ ከብት ይለቀቅበታል።

የወረታ ልጅ፦ እሱ የዓመታት ሥራ ነው፣ ለዘንድሮ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጉና ላይ ሲዘንብ ውሃው ሜዳው ጋ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳል፣ ከላይ ያለው ወደ ታች ይደውል፣ ከብት ለማውጣት ይበቃል። ለዚህ እንኳን በጀት አያስፈልግም፣ ካርድ ብቻ።

አባ ዘራፍ፦ ኔትወርክ ካለ ነዋ