ውዱ መልቲቫይታሚን ከርካሹ በምን ይበልጣል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ሁለት መልቲቫይታሚን ፊቴ አስቀምጬ እያየሁ ነው። የአንዱ ዋጋ የሌላውን አራት እጥፍ ነው። ሻጩ «ውዱ ግብዓቱ ጥራት አለው፣ ርካሹ ዝም ብሎ ዱቄት ነው» ብሎኛል። እውነት ነው ወይስ የምከፍለው ለብራንዱ ነው? ጤነኛ ነኝ፣ ሐኪምም አላዘዘልኝም።

አሰልጣኙ፦ ሻጩ አልዋሸሽም። ጠርሙሱን ገልብጪና ማግኒዥየሙን እዪው። ከስሙ ጎን «ኦክሳይድ» ካለ ርካሹ ዓይነት ነው። በደንብ ስለማይሟሟ አብዛኛው ሳይመጠጥ በአንጀት ያልፋል። «ሲትሬት» ካለ በተሻለ ይመጠጣል። ቫይታሚን ዲም እንደዚያው፤ ዲ3 በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከዲ2 የበለጠ ከፍ ያደርጋል። ለማሠለጥናቸው ሰዎች ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ በርካሽ የተገዛ ነገር መጨረሻው ሽንት ቤት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ወንድሜ፣ ውዱም እኮ መድረሻው እዚያው ነው! መልቲቫይታሚን የዋጠ ሰው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ የሚሆነው ለምን መሰለህ? ትርፉ ቫይታሚን ቢ2 ወጥቶ ነው። ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2024 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ 390 ሺህ የሚጠጉ ጤነኛ ጎልማሶችን ከ20 ዓመት በላይ ተከታትሏል። መልቲቫይታሚን በየቀኑ የሚወስዱት ከማይወስዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አልቀነሰም። እህቴ፣ ጤነኛ ነኝ ካልሽ ሁለቱንም ተያቸውና ገንዘብሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ።

ፋርማሲስቱ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። ተጠራጣሪው የጠቀስከው ጥናት ሰዎችን የተከታተለ እንጂ በዕጣ ከፍሎ የፈተነ አይደለም። በዕጣ የተፈተነም አለ፤ ውጤቱ በ2012 ወጥቷል። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 14,641 ወንድ ሐኪሞች ግማሾቹ መልቲቫይታሚን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ከአሥር ዓመት በላይ ወሰዱ። መልቲቫይታሚን ከወሰዱት ካንሰር የያዛቸው ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው በ8 በመቶ ገደማ አነሱ። ልብ ላይ ግን ለውጥ የለም። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ዜሮ አይደለችም። ልብ በሉ ደግሞ፣ ሐኪሞቹ የወሰዱት በየሱቁ የሚገኘውን ሴንትረም ሲልቨር ነው። የተለየ ውድ ነገር አልነበረም።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ላቤሉን አነበብኩት። ውዱ 60 እንክብል አለው። ታች በትንንሽ ፊደል «የአንድ ቀን መጠን 4 እንክብል» ይላል። ርካሹም 60 ፍሬ ነው፣ ግን በቀን አንድ።

ተጠራጣሪው፦ በይ አስቢው። ውዱ በ15 ቀን ያልቃል፣ ርካሹ 60 ቀን ይሄዳል። በቀን ሲሰላ ልዩነቱ አራት እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 16 እጥፍ ገባ።

አሰልጣኙ፦ አራት እንክብል የሆነው ለማታለል አይደለም። አንድ ክኒን ውስጥ ሁሉም አይገባም!

ፋርማሲስቱ፦ እዚህ ላይ አሰልጣኙ ትክክል ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከክብደቱ 40 በመቶው ብቻ ነው ካልሲየም። 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ለማግኘት 2.5 ግራም ዱቄት መዋጥ ግድ ነው። ሲትሬቱ ደግሞ 21 በመቶ ስለሆነ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ በቀን አንድ ፍሬ የሆነ መልቲቫይታሚን «ካልሲየም 100 ፐርሰንት» ቢልሽ ተጠራጠሪው። ውዱ ላይ ቢ12 እና ቢ6 ስንት ይላል?

ጠያቂዋ፦ ቢ12 1,000 ማይክሮግራም፣ ከጎኑ 41,667 ፐርሰንት። ቢ6 50 ሚሊግራም። «ልዩ የዕፅዋት ቅይጥ 350 ሚሊግራም» የሚልም አለ።

ፋርማሲስቱ፦ በቀን የሚያስፈልግሽ ቢ12 2.4 ማይክሮግራም ነው። ሰውነት በዋናው መንገድ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ሁለት ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን ከቀሪው አንድ በመቶ ያህሉ ብቻ ሾልኮ ይገባል። 41 ሺህ ፐርሰንት ጉዳት ባያመጣም የጥራት ምልክት አይደለም። ጆሮዬን ያቆመው ቢ6 ነው። በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 የቀኑን ጣሪያ 12 ሚሊግራም አድርጎታል።

አሰልጣኙ፦ የአሜሪካው ጣሪያ ግን 100 ነው። ለምን አልጠቀስከውም?

ፋርማሲስቱ፦ ልክ ነህ፣ 100 ነው። በሁለቱ መካከል ባለሙያዎችም አይስማሙም። እኔ ግን ጤነኛ ሰው 50 የሚወስድበት ምክንያት አይታየኝም። ስለ ቅይጡ ደግሞ፣ ጠቅላላው 350 ነው ተብሎ እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ የምትገዢውን አታውቂውም። ሌላም አለ። እርግዝና የምታስቢ ከሆነ ፎሌቱን (ቫይታሚን ቢ9ን) እዪ። ውዶቹ «ሜቲል ፎሌት» እያሉ ያስከፍላሉ። የጽንስ አከርካሪ ጉድለትን እንደሚቀንስ በሙከራ የተረጋገጠው ግን ርካሹ ፎሊክ አሲድ ነው፣ በቀን 400 ማይክሮግራም።

አሰልጣኙ፦ ሁሉም ይሁን። ውዶቹ ቢያንስ በላቦራቶሪ ይመረመራሉ።

ተጠራጣሪው፦ ማን አለ? አሜሪካ ውስጥ በ1994ቱ ሕግ መሠረት ሰፕልመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ አያጸድቀውም። ኃላፊነቱ የአምራቹ ነው። እንደ መድኃኒት ቀድሞ መጽደቅ ነበረበት ባይ ነኝ።

አሰልጣኙ፦ እንደ መድኃኒት ይጽደቅ ካልክ ትንንሾቹ አምራቾች ይጠፋሉ፣ ዋጋውም ሰማይ ይነካል። ለቫይታሚን ሲ የመድኃኒት ሙከራ ማን ይከፍላል?

ፋርማሲስቱ፦ ሕጉ እስኪለወጥ ከላቤሉ ላይ «ዩኤስፒ» ወይም «ኤንኤስኤፍ» የሚል ማኅተም ፈልጊ፤ ሁለቱም ከአምራቹ ነፃ የሆኑ መርማሪ ድርጅቶች ናቸው። ዩኤስፒ የተጻፈው መጠን በእርግጥ መኖሩን፣ ብክለት አለመኖሩንና ክኒኑ በጊዜው መሟሟቱን ይፈትሻል። ማኅተሙ ርካሽ ክኒኖች ላይም ይገኛል፣ ውድ ሆነው የሌላቸውም ሞልተዋል።

አጫሹ፦ መሐል ገባሁ፣ ይቅርታ። እኔ በቀን አንድ ፓኮ አጨሳለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

ፋርማሲስቱ፦ ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው) በብዛት ያለበትን አትንካ፣ ውድም ይሁን ርካሽ። በ1994 የወጣው የፊንላንድ ሙከራ ላይ ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ ተይዘዋል። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱም ብረትና ካልሲየም ካለበት ክኒን በአራት ሰዓት አራርቁት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱን እንዳይመጠጥ ያግደዋል።

ጠያቂዋ፦ ማኅተሙ ያለው ርካሹ ላይ ነው! ውዱ ላይ የለም። ርካሹም ዲ3 ነው የሚለው። ማግኒዥየሙ ግን ኦክሳይድ ነው።

አሰልጣኙ፦ ይኸው! አላልኩም?

ተጠራጣሪው፦ ስንት ሚሊግራም?

ጠያቂዋ፦ 50።

ፋርማሲስቱ፦ አዋቂ ሴት በቀን ከ310 እስከ 320 ያስፈልጋታል። 50ው ኦክሳይድ ሆነ ሲትሬት፣ ማግኒዥየምሽን ከዚህ ክኒን አትጠብቂ። ዋናው ከምግብ ነው የሚመጣው።

አሰልጣኙ፦ ስለ ማግኒዥየም ለብቻው እንከራከርበታለን፣ አልለቅህም።