የአሲድና የቤዝ ሙከራችን ሙቀቱ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎቼ 1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል፤ ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሃይድሮክሎሪክ አሲድና 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሊትር፣ በብርጭቆ ቢከር ቀላቀሉ። ቴርሞሜትሩ ከ22.0 ወደ 27.9 ዲግሪ ወጣ። ስናሰላው በሞል 49 ኪሎ ጁል ገደማ ሆነ፤ መጽሐፉ ግን 57 ይላል። ሌላው ቡድን ጠጣሩን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንዳለ አሲዱ ውስጥ ጨምሮ፣ በፕላስቲክ ኩባያ 98 አገኘ። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦
ስሌታችሁ ልክ ነው፦ 100 ግራም × 4.18 (1 ግራም ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው ጁል) × 5.9 ዲግሪ ወደ 2466 ጁል ይመጣል፣ ለ0.05 ሞል ሲካፈል 49 ነው። ሙቀቱን የወሰደው ቢከሩ ነው። 100 ግራም የሚመዝን ብርጭቆ በሙሉ ቢሞቅ በየዲግሪው 80 ጁል ገደማ ይወስዳል፤ እናንተ ግን የቆጠራችሁት የውሃውን 418 ብቻ ነው። ሙቀት ባይባክን ኖሮ ጭማሪው 6.8 ዲግሪ ይሆን ነበር። ሁለት የፎም ኩባያ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋችሁ ክዳን ግጠሙለት።

መልስ 2፦
የሁለተኛው ቡድን ውጤት መጣል የለበትም፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው። ጠጣሩ ሲሟሟ ብቻውን በሞል 44.5 ኪሎ ጁል ያህል ያወጣል። 57 ሲደመርበት ወደ 101 ይጠጋል። የሄስን ሕግ፣ ማለትም ጠቅላላው ሙቀት በአንድ ደረጃም ሆነ በብዙ ቢሠራ እኩል መሆኑን፣ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ነገር ግን ጠጣሩን አሲድ ውስጥ መጣል ስለሚፈናጠር ያለ መነጽር አይሞከርም።

መልስ 3፦
በ1 ዲግሪ የተከፈለ ቴርሞሜትር ከሆነ 2 ሞላር ተጠቀሙ፤ ጭማሪው 13.6 አካባቢ ስለሚሆን የንባብ ስህተቱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ለ250 ሚሊ ሊትር 20 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበቃል፣ ግን ሲሟሟ ውሃው በ20 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ለብ ያለውን ቀላቅሎ የመነሻውን ሙቀት ከአሲዱ ብቻ ያነባል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ መጠኑ አይታመንም። ስለዚህ ከእሱ 52 ሚሊ ሊትር ጨምሩና በአሲዱ ሞል አስሉ፤ ክብደቱንም 102 ግራም አድርጉ።

በየ30 ሰከንዱ አንብቡ፣ በ3ኛው ደቂቃ ቀላቅሉ፣ እስከ 10ኛው ቀጥሉ። ከዚያ የመቀዝቀዣውን መስመር በግራፉ ላይ ወደ 3ኛው ደቂቃ ወደ ኋላ ስቡት። እውነተኛው ከፍተኛ ሙቀት እዚያ ላይ ይነበባል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ናይትሪክ አሲድ ብንጠቀም ቁጥሩ ይለወጣል?

መልስ 1፦
አይለወጥም፣ 57ው ይቀጥላል። ሙቀቱን የሚያወጣው የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ተጣምረው ውሃ መሆናቸው ነው፤ ሶዲየሙና ናይትሬቱ ዳር ቆመው ተመልካች ናቸው። አሴቲክ አሲድ ከሆነ ግን ትንሽ ያንሳል፤ ሞለኪውሉን ለመለያየት ጥቂት ጉልበት ስለሚያስፈልግ። ቦንድ (የአቶሞች ትስስር) ሲሰበር ጉልበት ይገባል፣ ሲሠራ ይወጣል፤ ተማሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይገለብጡታልና ደጋግመው ያስረዷቸው።